የአደይ አበባው ሬንደር፦ ለአንድ የሞሽን ግራፊክስ ማሽን ካርድ ስንመርጥ

ነሐሴ 2016 መጀመሪያ ላይ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ሆነው የሞሽን ግራፊክስ ሥራ ይሠራሉ። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ፣ የበዓል መልካም ምኞት፣ የዩቲዩብ ቻናል መግቢያ፣ አንዳንዴም የሠርግ ቪዲዮ መክፈቻ።

«ያገለገለ 3070 ግራፊክስ ካርድ አግኝቻለሁ። ሰውየው እስከ ማታ ብቻ ነው የሚጠብቀኝ። ልግዛው አይደል?»

«አንድ ቀን ታገሠኝ፣ ማሽኑን መጥቼ ልየው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሦስት ሳምንት ነው የምጽፈው። ይህንኑ ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ይህ ጉዳይ ደግሞ ጥያቄው ውስጥ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ይዟል። የሰዎቹን ስም አልጠራም። ማሽኑና የለካናቸው ቁጥሮች ግን እንዳሉ ናቸው።

ማሽኑና ሥራው

ማሽኑ እዚሁ የተገጣጠመ ነው። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 3600፣ ባለ 6 ኮር። ማዘርቦርዱ ቢ450። ራሙ 16 ጊጋባይት። ካርዱ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋባይት፤ 2016 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ ማለት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ በትልቁ «600 ዋት» ተጽፎበታል። ከጠረጴዛው ሥር መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ አንድ አነስተኛ ዩፒኤስ አለ። ሞኒተሩ ሁለት ነው።

ሥራቸው ሁለት ዓይነት ነው። አብዛኛው አፍተር ኢፌክትስ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ያልቃል፦ ጽሑፍ፣ ሎጎ፣ ፊደል በፊደል የሚመጣ «እንኳን አደረሳችሁ»። የቀረው ብሌንደር በሚባለው ፕሮግራም ላይ የሚሠራ ሥሪዲ ሲሆን ሬንደር የሚደረገው፣ ማለትም የመጨረሻው ሥዕል የሚሰላው፣ ሳይክልስ በሚባለው የብሌንደር ክፍል ነው። የዚያን ሰሞኑ ሥራ የእንቁጣጣሽ ማስታወቂያ ነበር። ካሜራው በአደይ አበባ መስክ መሀል እየተንሸራተተ ሄዶ ምርቱ ጋ ይደርሳል። ርዝመቱ 20 ሰከንድ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ በአጠቃላይ 500 ፍሬም። ለጣቢያው መድረስ ያለበት ጳጉሜ 1 ነው።

ችግሩ በእነሱ አነጋገር

የሥራው ባለቤት፣ ያ የደወለልኝ ወዳጄ፣ የሚለው «ማሽኑ ቀርፋፋ ሆኗል፣ ካርዱ አርጅቷል» ነበር። ዲዛይነሯ ግን ዘርዝራ ነው የነገረችኝ። አንደኛ፣ አፍተር ኢፌክትስ ላይ ፎርኬ ሥራ ስትከፍት ከ5 ሰከንድ በላይ ፕሪቪው አይሰጣትም፤ አረንጓዴዋ መስመር ትንሽ ሄዳ ትቆማለች። ሁለተኛ፣ የአደይ አበባው ፋይል አንዳንዴ «የጂፒዩ (የካርዱ) ሜሞሪ አልቋል» የሚል መልእክት አውጥቶ ይቆማል። ሲሳካለት ደግሞ አንዱን ፍሬም 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህ በ500 ሲባዛ ወደ 35 ሰዓት ነው። 35 ሰዓት መብራት ሳይጠፋ ማለት ነው እንግዲህ።

እነዚህ ሁለት ችግሮች ናቸው። ሰው ግን አንድ አድርጎ «ማሽኑ ቀርፋፋ ሆነ» ይላል። ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው።

ከመግዛት በፊት መለካት

መጀመሪያ አፍተር ኢፌክትሱን ሬንደር እያደረግን የማሽኑን ክፍሎች ሥራ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ከፈትን። ፕሮሰሰሩ 95 በመቶ፣ ራሙ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ካርዱ 7 በመቶ። ባለቤቱ ቁጥሩን አይቶ «እና ካርዱ ምን እየሠራ ነው?» አለ። ምንም ማለት ይቻላል። አፍተር ኢፌክትስ ለአንዳንድ ኢፌክቶች ካርዱን ይጠቀማል፤ ዋናውን ሸክም የሚሸከሙት ግን ፕሮሰሰሩና ራሙ ናቸው። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ፣ እንደ ፈረንጆቹ፣ ብዙ ፍሬሞችን በአንድ ጊዜ በተለያዩ ኮሮች ስለሚሠራ ደግሞ የራም ፍላጎቱ ጨምሯል።

የ5 ሰከንዱም ነገር ሒሳብ ነው። አንድ የፎርኬ ፍሬም 3840 በ2160 ፒክስል ነው። ባለ 16 ቢት ፕሮጀክት ላይ እያንዳንዱ ፒክስል 8 ባይት ይወስዳል። ሲባዛ ለአንድ ፍሬም 66 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። ከ16 ጊጋባይቱ ዊንዶውስና ሌሎች ፕሮግራሞች ድርሻቸውን ወስደው ለፕሪቪው የሚተርፈው 8 ያህል ነበር። 8 ጊጋባይት ለ66 ሜጋባይት ሲካፈል 120 ፍሬም፣ በሰከንድ 25 ሲሆን 5 ሰከንድ የማይሞላ። ዲዛይነሯ በዓይኗ ያየችውን ወረቀቱም እንዲሁ አለ። ይህን ችግር የዓለም ውዱ ካርድ አይፈታውም።

ቀጥሎ ብሌንደር። እዚህ ላይ ታስክ ማናጀር ያሳስታል። ካርዱ ላይ ሲነኩ ቀድሞ የሚመጣው «ሥሪዲ» የሚለው ግራፍ ነው፤ ሳይክልስ በኩዳ፣ ማለትም የኤንቪዲያ ካርድ ለስሌት በሚሠራበት መንገድ፣ ሲሠራ ያ ግራፍ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። የግራፉን ስም ነክቶ ከዝርዝሩ «ኩዳ» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ስንመርጠው ካርዱ ሙሉ ለሙሉ ሥራ ላይ ነበር፤ ሜሞሪውም እስከ አፉ ሞልቷል። እዚህ ካርዱ እውነትም መታነቂያው ነው።

ሳንገዛ ያገኘነው ፍጥነት

የፋይሉ ሜሞሪ ለምን እንደሞላ ለማየት ዲዛይነሯ አጠገብ ተቀመጥኩ። የአበባዎቹ ሞዴል ከኢንተርኔት የወረደ ነው። ቅጠሉ፣ አበባው፣ ግንዱ፣ አፈሩ፣ ሣሩ፣ ሁሉም የየራሳቸው ሥዕል አላቸው። ስንቆጥር 22 ቴክስቸር፣ ሁሉም ኤይትኬ።

አንድ ኤይትኬ ቴክስቸር 8192 በ8192 ፒክስል ነው። ፋይሉ ዲስክ ላይ ተጨምቆ ጥቂት ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ካርዱ ላይ ሲጫን ግን ተፈትቶ፣ በፒክስል 4 ባይት፣ 256 ሜጋባይት ይይዛል። 22ቱ አንድ ላይ 5632 ሜጋባይት። ባለ 6 ጊጋባይት ካርድ፣ ዊንዶውስና ሁለት ሞኒተር ድርሻቸውን ወስደው፣ ለአበባው ቅርጽ የቀረው ቦታ የለም። ብሌንደር የተረፈውን ወደ ማሽኑ ራም ይገፋል። ራሙም ጠባብ ነው። አራቱ ደቂቃ የመጣው ከዚህ ነው።

ስክሪኑ ላይ ከአደይ አበባዎቹ አብዛኞቹ የአውራ ጣት ጥፍር አያክሉም። 18ቱን ቴክስቸር ወደ ቱኬ አወረድናቸው፤ እያንዳንዱ 16 ሜጋባይት ሆነ። ካሜራው አጠገቧ የሚያልፈው አበባ ቅርብ ስለሆነች የእሷን አራቱን በፎርኬ ተውናቸው፤ እያንዳንዱ 64። ድምሩ 544 ሜጋባይት። ከአሥር እጅ በታች ወረደ። ደግሞም አበባዎቹ ኮፒ ሆነው ነበር የተበተኑት፤ አንዱን ቅርጽ ሁሉም እንዲጋሩት አድርገን እንደገና በተንናቸው።

አንዱ ፍሬም ከ4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ወደ 2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ወረደ። መልእክቱም ጠፋ። የድሮውንና የአዲሱን ፍሬም ጎን ለጎን አድርገን ሞኒተሩ ላይ ተጠግተን አየን። ልዩነት አላገኘንም። ይህ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ያለቀ ሥራ ነው፤ ወጪው ዜሮ።

አሁንም ግን ወደ 24 ሰዓት ነው። ደንበኛው አንድ ነገር ቢያስቀይር ሌላ 24 ሰዓት። ስለዚህ ካርዱ መቀየር ነበረበት፤ ጥያቄው የትኛው የሚለው ሆነ።

ካርዶቹ አንድ በአንድ

ጊዜው ለግዢ የሚመች አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር። የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ በየቀኑ ይለወጥ ነበር፤ ሻጩም ገዥውም ግራ ተጋብተዋል። «ነገ ይጨምራል» የሚለው ፍርሃት ነው ባለቤቱን ለ3070ው ያቻኮለው።

3070ው ፈጣን ካርድ ነው። ከ3060 በጥሬ ጉልበት እንደሚበልጥ አልክድም። ሁለት ነገር ግን አስፈራኝ። ሜሞሪው 8 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ እኛን ያነቀን ደግሞ ሜሞሪ ነው። ሌላው ታሪኩ ነው። መስከረም 2022 እንደ ፈረንጆቹ ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በካርድ ማይን መደረጉ (በስሌት መመረቱ) ሲያበቃ፣ በየአገሩ ሌት ተቀን ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች ገበያ ላይ ፈሰሱ። ማይኒንግ ላይ የቆየ ሁሉ ተበላሽቷል አልልም። ፋኑ፣ ሙቀት ማስተላለፊያ ንጣፉ፣ የሜሞሪ ቺፑ ምን ያህል እንደደከመ ግን ሳይፈታ አይታወቅም። ሰውየውን ግማሽ ሰዓት ሬንደር እያስኬድን ሙቀቱን እንየው ብንለው እሺ አላለም። እዚያው ተውነው።

አንድ ጓደኛቸው ደግሞ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋባይት በርካሽ አቀረበ። ብሌንደር ከ3.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከታኅሣሥ 2021 እንደ ፈረንጆቹ፣ ኦፕንሲኤልን፣ ካርድን ለስሌት የሚያሠራውን ሌላ መንገድ፣ አስወግዷል። ያ ካርድ ደግሞ በኦፕንሲኤል ካልሆነ ሳይክልስ ላይ አይሠራም። ለጌም ይሁነው፤ ለእነሱ ግን ብረት ነው።

4060 በጣም ቆጣቢ ነው፣ 115 ዋት። በመብራታችን ሁኔታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን 8 ጊጋባይት። 4060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይቱ ለልቤ የቀረበው ነበር። ሲወጣ የተተመነለት 499 ዶላር ነው፤ 3060 ሲወጣ 329 ነበር። በዚያን ሰሞኑ ምንዛሬ ልዩነቱ ከበጀታቸው ወጣ። ሌላም ነገር አለ። የ4060 ወገኖች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገሩት በ8 መስመር ብቻ ነው። የቢ450 ስሎት ሦስተኛ ትውልድ ስለሆነ ያ በሰከንድ 8 ጊጋባይት ያህል ነው። የካርዱ ሜሞሪ እስካልሞላ አይሰማም፤ ሲሞላ ግን መንገዱ ይጠባል።

የቀረው አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይቱ ነበር። 170 ዋት፣ 16 መስመር፣ የሜሞሪው ፍጥነት በሰከንድ 360 ጊጋባይት። ካርዱ ውስጥ ያለ ዳታ በዚህ ፍጥነት ይነበባል፤ ካርዱ ሞልቶ ወደ ራም የወጣ ዳታ ደግሞ በዚያ ማዘርቦርድ ቢበዛ በ16 ይመጣል። ሰፋ ያለ ሜሞሪ ያለው ቀርፋፋ ካርድ፣ ጠባብ ሜሞሪ ካለው ፈጣን ካርድ የሚሻልበት ምክንያት በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው ያለው። ባለቤቱ «3060 ከ3070 ያንሳል እኮ» አለ። ቁጥሩ ያንሳል፤ ለሥራቸው ግን አያንስም።

ያልተሳካው

ባለቤቱ መጀመሪያ የገባበት ሱቅ «3060» ብሎ የሰጠው ባለ 8 ጊጋባይቱን ነው። ብዙ ሰው አያውቅም፤ በዚያው ስም 8 ጊጋባይት ያለውና የሜሞሪ መንገዱ ከ192 ቢት ወደ 128 የጠበበ ካርድ በኋላ ወጥቷል። ካርቶኑ ላይ በትንሹ ተጽፏል። ሻጩ «ያው ነው፣ 3060 ነው» ነው ያለው። ደረሰኙ ላይ የአንድ ሳምንት መተማመኛ ስላስጻፍን ያለ ጭቅጭቅ መለሰልን። ባናስጽፍ ኖሮ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

ሁለተኛው ፓወር ሰፕላዩ ነው። የድሮው ካርድ ባለ 6 ፒን ነበር፤ አዲሱ 8 ይፈልጋል። ባለቤቱ ወጪ ለመቀነስ ከ6 ወደ 8 የሚቀይር ኬብል ገዝቶ ሰካ። ሬንደሩ ተጀመረ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ተነሣ። ፓወር ሰፕላዩን አውጥተን ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አነበብነው። በትልቁ 600 ይላል፤ የ12 ቮልቱ መስመር ግን 28 አምፔር ነው። 28 በ12 ሲባዛ 336 ዋት። ካርዱም ፕሮሰሰሩም የሚበሉት ከዚያ መስመር ነው። አርጅቷል፣ አቧራም ጠጥቷል። ትክክለኛ 650 ዋት ገዛን። ይህን ወጪ ከመጀመሪያው የካርዱ ዋጋ ውስጥ ብናስገባው ኖሮ አንድ ሌሊት አንከስርም ነበር። የእኔ ጥፋት ነው፤ ሠንጠረዡን መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ማንበብ ነበረብኝ።

ሦስተኛው ራሙ ነው። ሁለት ባለ 16 ገዝተን፣ ከድሮዎቹ ሁለት ባለ 8 ጋር ቀላቅለን 48 ልናደርገው ሞከርን። በሙሉ ፍጥነታቸው ሰማያዊ ስክሪን አመጡ። የድሮዎቹን አውጥተን በ32 ጊጋባይት ረጋን።

አራተኛው ዩፒኤስ ነው። ጀርባው ላይ 650 ቪኤ፣ 360 ዋት ይላል። አዲሱ ካርድ ሬንደር ሲጀምር፣ ሁለቱን ሞኒተር ጨምሮ፣ መጮህ ጀመረ። መብራት የጠፋ ዕለት አልያዘም፤ ማሽኑ ቀጥ አለ።

የተሳካው

ለዩፒኤሱ አዲስ ከመግዛት በፊት ሁለት ነገር አደረግን። አንዱን ሞኒተር ከዩፒኤሱ ነቅለን ወደ ግድግዳው ሰካነው። የካርዱንም ጣሪያ ከ170 ወደ 130 ዋት አወረድነው። ፍሬሙ ከ44 ሰከንድ ወደ 48 ሆነ። አራት ሰከንድ ከፍለን ጩኸቱ ቆመ፣ ሙቀቱም ቀዘቀዘ። በእኛ አገር ይህ ካርድ ላይ ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ ጥሩው ይመስለኛል።

ሬንደሩንም በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ማውጣት አስተውን። እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ሥዕል ሆኖ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ሄዶ ማሽኑ 312ኛው ፍሬም ላይ ሲጠፋ፣ ጠዋት ከ312 አስቀጠሉት። የጠፋው አንድ ፍሬም ብቻ ነበር።

ድራይቨሩን በተመለከተ፣ የድሮውን ሙሉ በሙሉ ጠርገን አውጥተን የኤንቪዲያን ስቱዲዮ ድራይቨር ጫንን። ሳይክልስ ላይ ደግሞ ከኩዳ ኦፕቲክስ ወደሚባለው ሌላ የኤንቪዲያ መንገድ ቀየርን፤ ካርዱ ውስጥ ያሉት የጨረር ኮሮች የሚሠሩት በዚህ ሲመረጥ ነው። ይህን ሴቲንግ ሳይነኩ ወር ሙሉ የሚሠሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ውጤቱ እንዲህ ነው። አደይ አበባው ከ35 ሰዓት ወደ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ። ማታ ይጀምራሉ፣ ጠዋት ቡና ሳይፈላ አልቋል። ደንበኛው ሦስት ጊዜ አስቀይሯል፣ ሦስቱም ደርሰዋል። የአፍተር ኢፌክትሱ መለኪያ ፕሮጀክት ደግሞ ራሙ ሲጨመር ከ21 ደቂቃ ወደ 15 ወረደ። ካርዱ ሲቀየር እዚያው 15 ላይ ቀረ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልቀነሰም።

ለሌላ ማሽን የሚሆነው

ካርድ ልትገዙ ከሆነ የምትሠሩበትን እውነተኛ ፋይል ከፍታችሁ ሦስቱን እዩ፦ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ የካርድ ሜሞሪ። ሌላ ሰው የለካውን ቁጥር ከማንበብ የራሳችሁ ፋይል ይሻላል። አፍተር ኢፌክትስ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ገንዘቡ ራምና ፕሮሰሰር ላይ ይዋል።

ሥሪዲ የምትሠሩ ከሆነ ከሞዴል ቁጥሩ በፊት ጊጋባይቱን ጠይቁ። ግን ቴክስቸሩን ሳታጸዱ ሜሞሪ አትግዙ፤ ያልጸዳ ፋይል የትኛውንም ካርድ ይሞላል። እውነቱን ለመናገር ከጸዳ በኋላ አደይ አበባው 4.6 ጊጋባይት ነበር የሚይዘው። ለእሱ ብቻ ቢሆን 8 ይበቃ ነበር። 12ቱን የመረጥኩት ቀጥሎ የሚመጣውን አስቤ ነው።

የካርዱ ዋጋ የካርዱ ብቻ አይደለም። የ12 ቮልቱን አምፔር፣ የፒኑን ቁጥር፣ ኬዙ ውስጥ ለካርዱ ያለውን ርዝመት በሴንቲሜትር፣ የዩፒኤሱን ዋት ጽፋችሁ ነው ወደ ሱቅ የምትሄዱት። ሻጩ እዚያው ሰክቶ ያሳያችሁ፤ ጂፒዩ ዚ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የሜሞሪውን መጠንና የመንገዱን ስፋት አንብቡ። ሁለት ደቂቃ ነው።

አሁን ያለበት

መስከረም ላይ የደመራ ሥራ መጣላቸው። እሳት፣ ጭስ፣ ችቦ የያዘ ሕዝብ። ጭሱ ሜሞሪ ይበላል። ዲዛይነሯ ስክሪኑን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፦ 9.3 ጊጋባይት። 3070ው ቢሆን ኖሮ ለዚህ ፋይል ሜሞሪው አይበቃም ነበር።

የድሮው 1060 ሁለተኛው ማሽን ላይ ገብቶ ቪዲዮ ያስቆርጣል። ባለቤቱ ባለፈው ደውሎ «ቀጥሎስ የቱን ካርድ ልያዝ?» አለኝ። ማዘርቦርዱ ባዮሱ ሲታደስ ራይዘን 9 5900ኤክስን፣ ባለ 12 ኮሩን፣ ይቀበላል። እሱን እንዲፈልግ ነገርኩት፤ ካርዱን እንዳይነካው።